በቅንድብ የተባለ እሺ

ጅጅጋን ያኔ ያላየ ሰው ስለ ነፋሷ ብቻ ነው የሚያወራው። ነፋሱማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ከካራማራ በኩል ይነሳና አቧራውን እያንከባለለ የሱቁን በር ሁሉ ያስዘጋል። ነፋሱ ጋብ ሲል ግን ከተማዋ ምን ትመስል እንደነበር የኖረባት ነው የሚያውቀው። የጋሪ ፈረሶች ኮቴ፣ የግመል ወተት የገባበት ሻሂ፣ ከወደ ድንበሩ ተደብቆ የመጣ የሽቶና የአዲስ ጨርቅ ሽታ፤ ከአንዱ ሱቅ የሱማሌ ዘፈን፣ ከማዶው ሱቅ የአማርኛ፣ ሁለቱ መንገድ መሐል ላይ ሲገናኙ። ከሱማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ካለፈ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው። የጥይቱ ቀዳዳ ከየግድግዳው ገና አልተደፈነም፤ ሰው ግን በላዩ ቀለም ቀብቶ ሱቁን ከፍቶ ነበር።

ከነዚያ ሱቆች አንዱ የሐጂ ዐብዲወሃብ ነው። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ሰው ቤት ተላላኪ ሆነው አድገው፣ ኋላ የራሳቸውን የጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ማርያን የዚያው የጅጅጋ ሱማሌ ናት። ልጃቸው ኬሪያ ባንኮኒው ኋላ ቆማ ጨርቅ ትለካለች፤ በሦስት ቋንቋ ትከራከራለች፤ በሦስቱም አትሸነፍም።

ሳቢር ወደዚያ ሱቅ የመጣው አቡጀዲ ፈልጎ ነው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበር፤ ፋሻ አልቆባቸው። ኬሪያ ለክታ መቀስ ስታነሳ፣ ተይው ይቀደዳል ብሎ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ በሁለት እጁ ሳበው። ጨርቁ ቀጥ ብሎ ተቀደደ። ቀና ብሎ አያት። እሷም አየችው፤ ዓይኗን መመለስ ሲገባት ሳትመልስ ቆየች። ከዚያ ወዲያ ጤና ጣቢያው ፋሻ ኖረውም አልኖረው ሳቢር አቡጀዲ ይገዛ ጀመር። ማርያን ይህን ስታይ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን፣ "ይህ ሰውዬ ጅጅጋን በሙሉ ሊገንዝ ነው እንዴ?" አለች። ኬሪያ ከጣቃው ኋላ ተደብቃ ሳቀች።

ሐጂ ግን አልሳቁም። ለሳቸው ሳቢር ማን ነው? ከወሎ፣ ከከሚሴ በኩል በሚሊሺያነት ዘምቶ የመጣ፣ ካራማራ ላይ ዳሌውን ፍንጣሪ የመታው፣ ሲራመድ ወደ ግራ የሚያዘነብል፣ ቆርቆሮው የሚያፈስ ቤት የተከራየ፣ ዘመድ አልባ ሰው። ሃይማኖቱስ ሃይማኖታቸው ነው። አባቱን ግን ማን ያውቀዋል? ልጅህን ለማን ሰጠህ ሲሉኝ ለአንድ ፋሻ ጠቅላይ ልል ነው ይሉ ነበር፤ ኬሪያ እንድትሰማቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ሐጂ የማያውቁት ሌላ ነገር ነበር። እሱን ኬሪያ ብቻ ነበረች የምታውቀው።

ሳቢር ቆስሎ ሐረር ተኝቶ ሳለ ለሕመሙ ሞርፊን ይወጉት ነበር። ሕመሙ የውነት ነው፤ መድኃኒቱም የውነት መድኃኒት ነው፤ ማንም አልበደለውም። ቁስሉ ጠገገ፤ ሰውነቱ ግን መርፌውን መጠበቁን አልተወም። ኋላ አጭር ኮርስ ሰጥተው ድሬሰር አደረጉትና ያንኑ ብልቃጥ ከያዘ ቁምሣጥን አጠገብ አስቀመጡት። የሰው ቁስል እያጠበ፣ ሕፃናቱን እያባበለ፣ ተደብቆ ራሱን ይወጋ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ወለተሐና ደረሰችበት። ለፖሊስ ልትሰጠው ትችል ነበር። አልሰጠችውም። ወረቀት ጽፋ አዲስ አበባ ለሕክምና ሰደደችው።

ከመሄዱ በፊት ለኬሪያ ራሱ ነገራት፤ ከሱቁ ጀርባ፣ ጭነት ከሚራገፍበት ግቢ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። አለቀሰች። ከዚያ ተቆጣች። ከዚያ አባቷ ሰውዬው የት ጠፋ ብለው ሲጠይቋት ዳሌውን ሊታከም ሄደ አለቻቸው። መዋሸቱ አልከበዳትም፤ ግማሹ እውነት ነው ብላ ነው።

ደብዳቤዎቹ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይመጡ ነበር። ኬሪያ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የተጣበቀ ጽሑፍ አይሆንላትም። ሳቢር ይህን ስለሚያውቅ ፊደሉን እንደ ሱቅ ማስታወቂያ አተልቆ ነበር የሚጽፍላት፤ አንድ ወረቀት ጥቂት መስመር ብቻ ይይዛል። አምሮቱ አጥንቱን እንዴት እንደፈተገው ጻፈላት። ቀስ በቀስ እንደለቀቀው ጻፈላት። ምግብ ጣመኝ ብሎ ጻፈላት፤ እሷም ያን ቀን ምሳዋን ደግማ በላች። በአንዱ ደብዳቤ ደግሞ ዶክተሩ ያሉትን አሰፈረላት። ሕመሙ ወጥቶልሃል፣ የመጣበት መንገድ ግን ገና ክፍት ነው ብለውታል። እንቅልፍ የሚነሳህን ሁሉ ራቅ፣ ጫትም ቢሆን። አብረውህ ይወጉ ከነበሩት ራቅ። ደግሞ ይህን ነገር ብቻህን አትያዘው፣ ቤተሰብህ ይወቀው።

ኬሪያ አንብባ ስትጨርስ ወረቀቱን ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ቤተሰብ ማለት እኔ ነኝ አለች በልቧ። እኔ ካወቅሁ በቃ። እንዲህ ብላ ማሰቧ ደስ አላት፤ አንድ ሰው ለብቻዋ የተሰጣት መሰላት።

እሱ ሲመለስ ጅጅጋ ዝናብ አግኝታ አረንጓዴ ሆና ነበር። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ኬሪያ ከሱቁ ደጃፍ አየችው። ጉንጩ ሞልቷል፤ ዓይኑ ጠርቷል። በመንገዱ ማዶና ማዶ ቆመው ሰላምታ እንኳ ሳይለዋወጡ ቀሩ፤ የሚተላለፈው ጋሪ ሁሉ መሐላቸው እየገባ።

ሽማግሌ የሚልክበት ዘመድ የለውም ብለው ሐጂ ተማምነው ነበር። ሽማግሌ ግን መጣ። አንዱ ሳቢር ከመቆረጥ ያዳነለትን እግሩን እየጎተተ የመጣ የግመል ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ባለጋሪ ነው፤ ልጁ በፈላ ውኃ ተቃጥላ ሳቢር ክረምቱን ሙሉ ቤት ለቤት እየሄደ ያጠበላት። ሦስተኛው የመስጊዱ ሙአዚን፣ ጀርባው ላይ የወጣበትን እባጭ ማን እንዳፈረጠለት ለሰው ሁሉ የሚያወራ። ሐጂ በራቸው ላይ ቆመው አንድ በአንድ አዩዋቸው። ኬሪያ በመጋረጃው ቀዳዳ የአባቷን ፊት እያየች ነበር። ያ ፊት ሲላላ አየች።

በነሱ ቤት ወግ የልጅ ጥያቄ ባዶ እጁን አይሄድም። ሽማግሌዎቹ ከአወዳይ የመጣ ለጋ ጫት በኮባ ጠቅልለው ይዘው ይመጣሉ። አባትየው ካልተቀበሉ ነገሩ አበቃ። ከተቀበሉ ለመልሱ ቀን ይቆረጣል፤ የዚያን ቀን ልጁም ይጠራል፤ ዱዓ ይደረጋል፤ አባትየው አንዱን ዙርባ፣ አንዱን የጫት እስር፣ በገዛ እጃቸው ለልጁ ይሰጡታል። እሱን ከተቀበለ ቤተሰብ ነው። ሐጂ ተቀበሉ።

በመልሱ ቀን ወንዶቹ ትልቁ ክፍል ውስጥ ፍራሽ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መሐሉ ላይ የውኃ ማሰሮ፣ የሻሂ ቴርሞስ፣ ስኳር። ሴቶቹ በሩ ላይ ተጠጋግተው ቆመዋል። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ ለከተማው ሰላም፣ ለሞቱት፣ ለዝናቡ፣ መጨረሻ ላይ ለልጆቹ። አሚን ተባለ። ከዚያ ሐጂ ዙርባውን አነሱና ሳቢርን ወደሳቸው ጠሩት።

"ዘመድ የለውም ብዬ ነበር" አሉ። "ዛሬ ዘመዶቹን አየኋቸው። በእጁ ያፈራቸው ናቸው። እንካ ልጄ።"

ልጄ ሲሉት የመጀመሪያቸው ነው። ሳቢር ተንበርክኮ ነበር። እጁን ሊዘረጋ ሲል ቆመ፤ ከዙርባው ላይ ዓይኑን አንስቶ ወደ በሩ አየ።

ኬሪያ ምን እየጠየቃት እንደሆነ ገብቷታል። ጫትም ቢሆን የሚለው ያ እንደ ማስታወቂያ የተጻፈ ፊደል ዓይኗ ላይ መጣባት። የአባቷንም እጅ አየች፤ አየር ላይ ተንጠልጥሎ መቆየት የማይወድ እጅ ነው። ሽማግሌዎቹን አየች። እናቷ ትንፋሿን ይዛ ስትጠብቅ አየች። ዳሌውን ሊታከም ሄደ ብላ የተናገረችው ውሸት እዚያው ክፍል ውስጥ እንደ አንድ እንግዳ ተቀምጦ ነበር፤ እምቢ ቢል ለምን እንደሆነ ማስረዳት አለበት። አንዲት ከሰዓት ናት አለች በልቧ። አንዲት ከሰዓት ምን ታደርጋለች።

ቅንድቧን ከፍ አደረገች። እሺ ነው። ቃል አያስፈልገውም።

ሳቢር ተቀብሎ የሐጂን ጉልበት ሳመ። እልልታው ከበሩ ጀምሮ እስከ መንገዱ ተሰማ። ኬሪያ በሕይወቷ እንደዚያች ከሰዓት ተደስታ አታውቅም። ኋላ ያንገበገባትም ይኸው ነው፤ ደስታውን ማስታወስ።

አንዴ ልጅ ከተባለ ደግሞ ከሐጂ የጫት ጀመዓ መቅረት የለም። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሐጂ ቦታ ያስይዙለታል፤ ከአጠገባቸው፣ ትራሱ ከሞላበት። ከቀረ ሰው ይላክበታል። ለጋ ለጋውን እየመረጡ ያጎርሱታል፤ ይወዱት ጀምረው ነበር። አወራራቸው ጥሩ ነበር፤ ያን ጊዜ እነዚያ ሽማግሌዎች ሲያወሩ መስማት የማይናፍቅ ሰው አልነበረም፤ ስለ ድሮ ግመል ነጂዎች፣ ስለ ጣሊያን ዘመን፣ በጦርነቱ ጊዜ ሱቁን ጥሎ ስለሸሸው ሕዝብ። ሳቢርም የጫቱ ምርቃና ሲይዘው ጨዋታ አዋቂ ነው፤ የከሚሴን ወግ ሲያወራ ሐጂ እንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ። ኬሪያ ሻሂ ይዛ ገብታ ስትወጣ ሁለቱን ጎን ለጎን ስታያቸው ልቧ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት አላየችም። ዓይኑ ሳይከደን እንደሚነጋ፣ ምርቃናው ሲበርድ ድብርቱ እንደሚጫነው፣ ያ ዳሌ ወደ ንጋት ላይ እንደሚጠዘጥዘው ማን ነገራት።

ያየችው ሌላ ነው። ሳቢር በሱቁ በኩል ማለፍ ቀነሰ። ሲያልፍም ቶሎ ቶሎ ነው። በእረፍት ቀኑ በጭነት መኪና ወደ አውበሬ፣ ያኔ ሰዉ ተፈሪ በር ወደሚላት ድንበር፣ መሄድ አበዛ። ለምን ስትለው ለሥራ ይላታል። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ አውበሬ ሴት አለችው ማለት ጀመሩ። መልኳን ሳይቀር ያውቁታል፤ ቀይ ናት፣ ረጅም ናት፣ ሻሂ ቤት አላት አሉ። ኬሪያ አመነች። የሰጠችውን መሐረብ መልስልኝ ብላ ላከችበት። መሐረቡን ታጥቦና ተተኩሶ መለሰላት፤ አንድ ቃል እንኳ ሳይጨምርበት። ያን መሐረብ ይዛ ጣቃዎቹ መሐል ገብታ አለቀሰች፤ ደግሞ በማልቀሷ ተናደደች።

አንድ ቀን ሲስተር ወለተሐና ወደ ሱቁ መጣች። የፈረንጅ ሐር ዘርጊልኝ አለች፤ ተዘረጋላት፤ ግን ዓይኗ ጨርቁ ላይ አልነበረም። ማርያን ወደ ጓዳ እስክትገባ ጠበቀች።

"የቁምሣጥኑን ቁልፍ እኔ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የምተኛው፤ አንዲት ብልቃጥ አልጎደለችብኝም" አለች ቀስ ብላ። "ሰውዬሽን ግን ዓይኑን አይተሽዋል? ብሌኑ የመርፌ ጫፍ አክሏል። በዚህ ሙቀት እጅጌውን ቆልፎ ነው የሚሠራው።"

ኬሪያ ጨርቁን አጠፈች። ደግማ ዘረጋችው። መልሳ አጠፈችው። አውበሬ ማን አለ ብላ ጠየቀች፤ ሲስተርም ዘነበ የሚባል የድሮ ወታደር ከድንበር ማዶ የገባ መድኃኒት እንደሚነግድ፣ ሐረር ሳሉ ከሳቢር አልጋ ጎን ይተኛ የነበረ ሰው እንደሆነ ነገረቻት። ያኔ ኬሪያ ያቺን ቀይ ረጅም ሴት ናፈቀቻት። ምናለ በኖረች።

ማርያን በሳቢር የእረፍት ቀን ለሱቁ ጨርቅ ልታመጣ ወደ አውበሬ ስትሄድ ኬሪያ እኔም ልምጣ አለች። ማርያን ጠጋ ብላ ፊቷን አየቻት፤ ነጠላሽን ያዢ አለቻት። በጭነት መኪና ከስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ሜዳው ያኔ ለዓይን አያልቅም ነበር፤ ግመሎቹ ከሩቅ እንደ ዛፍ ይታያሉ፣ ዛፉም እንደ ግመል። ኬላው ላይ ወታደሮቹ የይለፍ ወረቀታቸውን አገላብጠው አዩላቸው። ኬሪያ መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ስትደርስ ሁሉም ጠፋት።

ዘነበ ገበያው ዳር ላስቲክ አንጥፎ የመድኃኒት ብልቃጥና ክኒን ደርድሮ ተቀምጧል። አንድ እጁ ከክርኑ በታች የለም። ስሟን ሳትነግረው አወቃት። እሱ ስለ አንቺ ሲያወራ ነው የሚውለው አለና በአገጩ ከኋላው ያለውን ዳስ አሳያት።

ሳቢር ከጥላው ሥር ተቀምጦ ነበር። ሲያያት እጅጌውን ወደ ታች ሳበ። ከምንም በላይ ያቺ እንቅስቃሴ ቆረጠቻት።

"ሴት አለችው ሲሉኝ አምኜ ነበር" አለችው።

"ምነው ሴት በሆነች።"

ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀሚሷ አቧራ ቢነካው ግድ አልሰጣትም። ከዚያ እሱ ጀመረ፤ መጀመሪያ የመጣው ለአንድ ቀን፣ እንቅልፍ አጥቶ ሰንብቶ፣ እንቅልፍ ብቻ ፈልጎ እንደሆነ ነገራት። ዘነበ አንድ ብቻ ብሎ እንደሰጠው፣ ሁለቱም አንድ ብቻ የሚባል እንደሌለ እያወቁ።

"ሰው ወደዚህ ነገር የሚመለሰው ሲከፋው ይመስላቸዋል" አለ። "እኔ የተመለስኩት ደስ ብሎኝ ነው፣ ኬሪያ። አባትሽ ልጄ አሉኝ። ከሞተው አባቴ ወዲህ ልጄ ያለኝ ሰው የለም። ያን ደስታ ይዤ የምተኛበት እንቅልፍ ጠፋኝ።"

"ያን ቀን ወደኔ አየህ።"

"አየሁሽ።"

"እሺ ያልኩህ እኔ ነኝ።"

ሳቢር ዓይኑን ጨፈነ። "እምቢ እንድትዪኝ ነበር የፈለግሁት። አንቺ እምቢ ብትዪ እኔም እምቢ እል ነበር።" ራሱን ነቀነቀ። "ተይው። ይህም ሰበብ ነው። የወጋው እጅ የኔ ነው። አሁን ሂጂ። ለሐጂ ሸሽቶ ጠፋ በያቸው። ጥሩ ሰው ያገኙልሻል።"

"አልዋሽም" አለች። "አንዴ ዋሽቼልሃለሁ። ያን ጫት እጅህ ላይ ያስቀመጠው እኮ የኔ ውሸት ነው። አባባ ቢያውቁ ኖሮ ይሰጡህ ነበር?"

ያኔ ነው የፈራው። እስከዚያ ድረስ አፍሮ ነበር እንጂ አልፈራም። እጇን ያዘ፤ መዳፉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። እንዳትነግሪያቸው አላት፤ ለመናት፤ አፋቸው ላይ ያለችውን ያቺን ልጄ የምትለዋን ቃል እንዳታጠፊብኝ አላት። "ካወቁ አንቺን አይሰጡኝም።"

"አይስጡህ" አለች ኬሪያ። "አንተ በሕይወት ኑር እንጂ እኔን አይስጡህ።"

ሳቢር ግንባሩን እጇ ላይ ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ከልቅሶው ይሁን ከበሽታው ልትለየው አልቻለችም። ዘነበ ፊቱን ወደ ገበያው አዙሮ ባለችው እጁ ብልቃጦቹን ያለ ምክንያት ይደረድር ነበር። ኬሪያ የወደደችው ሰው ራስ እጇ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ተሰማት፤ ከባድ ነበር፤ ግን አላነሳችውም።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ፣ ነፋሱ መነሳት ሲጀምር፣ የሱቁን በር ከውስጥ ዘጋችና ለአባቷ ነገረቻቸው። ከሐረር ጀምራ። ሞርፊኑን፣ አዲስ አበባን፣ ዶክተሩ ያሉትን፣ ዳሌውን ብላ የዋሸችውን፣ ቅንድቧን። ሐጂ ባንኮኒው ላይ በክርናቸው ተደግፈው ሰሙ። ሊመቷት ይሆናል ብላ ጠብቃ ነበር። መምታቱ ይሻላት ነበር።

"ስለዚህ የጎዳሁት እኔ ነኝ" አሉ በመጨረሻ። "በዱዓ። በገዛ እጄ።"

"እርስዎ አላወቁም፣ አባባ። ያወቅሁት እኔ ነኝ።"

"አንዲት ቃል ብትነግሪኝ" አሉ። "በአንድ ፊንጃል ሻሂ አደርገው ነበር። ዱዓው እኮ ለቅጠሉ አልነበረም፤ ለልጁ ነበር።"

ኬሪያ እስከዚያ ድረስ አላለቀሰችም። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ መገኘቱ ነው ያስለቀሳት። ሐጂ ዱላቸውን አንስተው፣ ቆባቸውን አስተካክለው፣ በአቧራው ውስጥ ወጡ። የት ብላ ለመጠየቅ አልደፈረችም። ሊያባርሩት ነው ብላ አሰበች። ፖሊስ ጋ ነው ብላ አሰበች። ማርያን መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እጇን ጭኗ ላይ ጣለችላት፤ ሁለቱም ነፋሱ በሩን ሲደበድብ እያዳመጡ ቆዩ።

ሐጂ የተመለሱት የዐስር ሶላት ከሰገዱ በኋላ ነው። ሲስተር ወለተሐና ዘንድ ሄደው ነበር። ከዚያ ሳቢር ወደተከራያት፣ ቆርቆሮዋ ወደሚያፈስ ቤት። እዚያ ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም ተናግረው አያውቁም። ጫማቸውን እያራገፉ የነገሯቸው ይህን ብቻ ነው፦ ሐሙስ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። እሱም ከኔ ጋር ይሄዳል።

ማርያን ሱማልኛውን ትታ በአማርኛ፣ "አንተ? ከሱ ጋር?" አለች።

"በሽተኛ ብቻውን አይላክም" አሉ ሐጂ። "ያኔ ብቻውን ነው የሰደድነው።" ከዚያ ወደ ኬሪያ ዞሩ። "ሠርግ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። ሠርግ የለም። ዳግመኛ ይድናል ወይ ብዬ ሲስተርን ጠየቅኋት፤ አንዳንዱ ወድቆ እየተነሳ፣ ወድቆ እየተነሳ ነው አለችኝ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ስንቱን እንደማይ አላውቅም። የምታገሠውን ያህል እታገሣለሁ።"

ኬሪያ እሺ አለች፤ በአፏ፣ ጮክ ብላ።

ሐሙስ ጠዋት የሐረሩ አውቶቡስ መናኸሪያው ውስጥ ሞተሩን አስነስቶ ቆሟል። ያኔ መናኸሪያው ሰፊ ሜዳ ነበር፤ ሰው ሁሉ አንድ መንገደኛ ሊሸኝ ቤተሰቡን ይዞ ይወጣል፤ ተሸኚው አንድ፣ ሸኚው ብዙ። ሳቢር ጋቢ ተከናንቦ ደርሷል፤ አፍንጫው ይፈሳል፣ ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ይዟት የመጣት ትንሽ ቦርሳ ነበረች፤ ሐጂ ተቀብለውት ራሳቸው ሰቀሉለት። በመስኮቱ በኩል አስቀመጡትና እሳቸው ከጎኑ ተቀመጡ። ሰው አየ፤ የከተማው ነጋዴ ሁሉ አየ። ሐጂ ማንንም አላዩም።

ኬሪያ ከመስኮቱ ሥር ቆመች። የምትለው ነገር ሞልቷት ነበር፤ ከነበረው ሁሉ አንዱ እንኳ በዚያ ሕዝብ ፊት የሚባል አልነበረም። ሳቢር በመስታወቱ በኩል አያት። ይቅርታም አልነበረም ዓይኑ ውስጥ፣ ተስፋም አልነበረም። ዝም ብሎ አያት፤ ምንም ሳይደብቃት። ከተዋወቁ ጀምሮ እንዲህ አይቷት አያውቅም። እሷም ፊቷን አላስተካከለችለትም፤ እንዳለ አሳየችው፤ ፍርሃቱንም፣ ንዴቱንም፣ ፍቅሩንም።

አውቶቡሱ ተነቃነቀ። ሳቢር ተንገዳግዶ ራሱ ወደ ጎን ሲያዘነብል ሐጂ ትከሻቸውን አስጠጉለት። ራሱን እዚያ ላይ ጣለ። ሐጂ ከእንቅልፉ እንዳይቀሰቅሱት ብለው ይመስላል፣ ለቤተሰባቸው እጃቸውን ሳያውለበልቡ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ሄዱ።

አቧራው እስኪረጋ ኬሪያ ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። ማርያን ነጠላዋን ጎተት አድርጋ እያለቀሰች እንደሆነ ጠየቀቻት።

"አይ ሆዮ" አለች ኬሪያ፣ እናቷን በሱማልኛ ጠርታ። "አባባ ላይ እየቀናሁ ነው።"

ማርያን ሳቀች፤ ያ የምትታወቅበት ሳቋ፣ መናኸሪያውን የሚሞላ። ኬሪያም አብራት ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ልትይዘው አልሞከረችም። እናትና ልጅ ክንድ ለክንድ ተያይዘው፣ አንዷ እየሳቀች፣ አንዷም ሁለቱንም እያደረገች፣ ሱቁን ሊከፍቱ ሄዱ። ይድን ይሁን ዳግመኛ ይወድቅ ይሁን አታውቅም ነበር። ደረቷ ግን ቀልሎላት ነበር፤ ያን ሰው ለብቻዋ ይዛው መቆየቷ ምን ያህል ከብዷት እንደነበር ያን ጠዋት ነው የገባት።